ገደል አፋፍ ላይ የተደበቁት ጋሼ

የምሠራው ከሺሺንዳ ወጣ ብሎ ባለ የድንጋይ ካባ ነው፤ የሥራ ደህንነት ተቆጣጣሪ ስለሆንኩ ሠራተኞቹ «ሴፍቲ» ይሉኛል። ጠዋት ጠዋት በር ላይ ቆሜ የሰው አፍ አሸታለሁ። ለዚህ ነበር የተማርኩት? በሩ ላይ በቀይ ቀለም «ጠጥቶ የተገኘ ወዲያውኑ ይባረራል» ተብሎ ተጽፏል። ይህን ጽሑፍ ባየሁ ቁጥር እናደዳለሁ። የጠጣ ሰው ለዚያ ቀን ቤቱ ይመለስ፣ ይተኛ፣ ነገ ይምጣ ብዬ ሥራ አስኪያጁን ስንቴ ለመንኳቸው። መልሳቸው አንድ ነው፤ ሕግ ከላላ ሰው ይንቀዋል።

አንድ ሰኞ ሠራተኞቹ ከጎረቤት ለቅሶ ነው የመጡት። ለቅሶ ቤት ሲጠጣ ያመሸ እንደማይጠፋ ስለማውቅ ከወትሮው ጠበቅ አድርጌ ፈተሽኩ። አንድም የሸተተኝ የለም። ሁሉም «ጋሼ» የሚሏቸውን አንጋፋ ድንጋይ ፈላጭ ግን አላየሁም። ፎርማኑን ብጠይቀው አሟቸው ቀሩ አለኝ።

ረፋዱ ላይ ሄልሜቴ ላይ ጠጠር ተንጠባጠበ። ቀና ስል ጋሼ ገደሉ አፋፍ ላይ ናቸው። ያለ ገመድ፣ ዲጂኖ ይዘው፣ እየተንገዳገዱ የላላ ድንጋይ ይነቀንቃሉ። ብጮህ ደንግጠው ይወድቃሉ ብዬ አፌን በእጄ ያዝኩ። ፎርማኑ ግን ለምሳ እንደሚጠራ ሰው፣ ረጋ ብሎ በካፍኛ አነጋገራቸው። በጀርባ በኩል፣ በጫካው መንገድ ወረዱ። እጄን ከአፌ ላይ ያነሳሁት እሳቸው ታች ከደረሱ በኋላ ነው።

ከዚህ ሁሉ ቦታ ለምን እዚያ እንዳወጣቸው ፎርማኑን ጠየቅኩት።

«ታች ቢሆኑ ታያቸዋለሽ፤ ካየሻቸው ይባረራሉ። እዚያ ደግሞ አንቺ አትወጪም» አለኝ።

ፎርማኑና ሠራተኞቹ ሊረዷቸው ብለው እኮ ነው። ከመባረር ለማዳን ብለው የሰከረ ሰው ገደል ላይ አወጡ። በማን ልናደድ? በጋሼ? በፎርማኑ? በዚያ ቀይ ጽሑፍ? ከድጡ ወደ ማጡ ማለት ይህ ነው። ጋሼን ዕቃ ቤቱ ጀርባ፣ ጥላው ሥር አስተኛኋቸው።

ከሰዓት ሥራ አስኪያጁ ከቦንጋ መጡ። ዕቃ ቤቱ በር ላይ ቆመው በዚህ ወር ጠጥቶ የተያዘ አለ ወይ ብለው ጠየቁኝ። የለም አልኩ። ፊታቸው በራ።

«አየሽ፣ ሕጉ ሠርቷል» አሉኝ።

ከዕቃ ቤቱ ቆርቆሮ ጀርባ ጋሼ ያንኮራፋሉ። ከዚያን ቀን ወዲህ ጠዋት መጀመሪያ የምወጣው ገደሉ ላይ ነው። አሁን ደግሞ ጋሼ ጠጥተው ሲመጡ የት እንደሚደብቋቸው አላውቅም።