ዛሬ ቤቱን አትጥረጊው

አብዱልወዱድን አንድ ቦታ ተቀምጦ ያየ ሰው ካለ ይምጣና ይንገረኝ! ሻይ እንኳ ቆሞ ነው የሚጠጣው። ከሐይቅ ወጥቶ መቀሌ የገባው ጢሙ ሳያቀመቅም ነው። መጀመሪያ ሲሚንቶ ተሸከመ፣ ቀጥሎ ግድግዳ ቀባ፣ ኋላ እጁ ለጽሑፍ ሲታዘዝለት ጊዜ ሓድነት ሰፈር ውስጥ ቤት ተከራይቶ የማስታወቂያ ሰሌዳ ጸሐፊ ሆነ። ከዚያ ወዲህ በየዓመቱ "ዘንድሮስ አገሬ እገባለሁ" ይላል። ጦርነቱ ሲመጣም ይህንኑ አለ፣ ሲያልፍም ይህንኑ አለ። ሚስቱ ሀፊሳ "አንተ እኮ አፍህ መንገድ ላይ፣ ጎንህ አልጋ ላይ ነው" እያለች ትስቅበታለች።

ሀፊሳ ቀልደኛ ናት፤ በአንድ ነገር ግን ቀልድ አታውቅም። ሰው መንገድ በወጣበት ቀን ቤት አይጠረግም። ወሎ ሳለች ከእናቷ የያዘችው ነው። "የመንገደኛውን እግር አብሮ ይጠርገዋል፤ መመለሻውን ያጠፋበታል" ትላለች። መንገድ የተከፈተ ጊዜ አብዱልወዱድ እናቱን ሊጠይቅ ሐይቅ ሲሄድ፣ "ደርሻለሁ" ብሎ እስኪደውል ድረስ መጥረጊያ አልነካችም። ጎረቤታቸው ወይዘሮ ትምኒት ያኔ ስቃባት ነበር። አምና ግን የትምኒት ልጅ አንድ ጠዋት "ዳቦ ልግዛ" ብሎ እንደወጣ ቀረ፤ በበረሃው መንገድ ወደ ሊቢያ። ምንም የማታውቀው እናት እንደ ወትሮዋ ቤቷን ጥርግርግ አድርጋ ጠብቃው ነበር። እስካሁን "ባልጠርገው ኖሮ" እያለች ደረቷን ትመታለች። ምን ታድርግ፣ እናት ናት።

የአብዱልወዱድና የሀፊሳ አንድያ ልጅ ረምላ ትባላለች። መቀሌ ተወልዳ፣ ዓመታቷን ጦርነት በልቶባት፣ አሥራ ሁለተኛን ዘግይታ ጨርሳ ቤት የተቀመጠች ልጅ ናት። እንግሊዝኛ እንደ ውሃ ነው የምትጠጣው። አባቷ ፊደሉን ያሳምረዋል እንጂ ትርጉሙን አያውቅም፤ እሷ በጠመኔ ትጽፍለታለች፣ እሱ በቀለም ይከተላታል። ከጓደኞቿ ግማሾቹ እንደ ትምኒት ልጅ ሳይሰናበቱ ጠፍተዋል። አብዱልወዱድም ሌሊት ሌሊት የሚገላበጠው "የእኔዋስ?" እያለ ነው።

ሰሞኑን ሕሉፍ የሚባል ባለ አዲስ ሆቴል መጣ። "ኣታ ዓብዱ፣ በሮቼ ሁሉ ላይ መውጫ ብለህ በእንግሊዝኛ ጻፍልኝ። ግን በየበሩ ልዩ ልዩ ቃል ይሁን፤ አንዱን ከደጋገምነው ሰው ያልተማረ ነው ይለኛል!" አለ። አይ ሕሉፍ!

ረምላ ሰሌዳዎቹን ደርድራ በጠመኔ ጻፈች። አባቷ በየተራ እየጠቆመ ጠየቃት።

"ይሄ ኤግዚት ነው፤ መውጫ በር። ይሄ ዌይ አውት፤ መውጫ መንገድ። ዲፓርቸር ደግሞ ቀን ተቆርጦለት፣ ሻንጣ ተይዞ፣ ሰው ሸኝቶህ የምትሄደው ነው።"

"ይሄኛውስ?"

"እስኬፕ። እሳት ሲነሳ የሚወጣበት። ማምለጥ በለው።" ጠመኔውን አስቀመጠች። "ሊቭም አለ፤ ትቶ መሄድ። እሱ ግን በር ላይ አይጻፍም።"

"ኧረ ወዲያ! ለአንድ መውጣት ይሄ ሁሉ ጣጣ?"

"እኛስ? ወጣ፣ ሄደ፣ ተሰናበተ፣ ሾለከ፣ ኮበለለ፣ ጠፋ እንል የለ?" ብላ ሳቀች።

"ወጥቶ ለሚመለስስ ቃል የላቸውም?"

ሳቋ ተቋረጠ። "መመለስ ለብቻው ነው የሚጻፈው አባ" አለችና ጣቶቿን አራገፈች። አብዱልወዱድ ግን እንዲያ ስትጫወት በማየቱ ደስ ብሎት ዋለ። "ሥራው አነቃቃት፣ እንግዲህ ልቧ ረጋ" ብሎ አሰበ። ሞኝ አባት!

በማግስቱ ጠዋት ረምላ "ከጓደኛዬ ጋር ቃላሚኖ ደርሼ ልምጣ" ብላ ተነሳች። አብዱልወዱድ ጓሮ ቀለም ይበጠብጣል፤ ሀፊሳ መጥረጊያ አንስታለች። ልጅቱ በሩ ላይ ደርሳ ዞር አለች።

"እማ፣ ዛሬ ቤቱን አትጥረጊው።"

"ምነው?"

"እንዲሁ። ደክሞሻል። እኔ ስመጣ እጠርገዋለሁ" ብላ ፈጥና ወጣች።

ሀፊሳ መጥረጊያውን እንደያዘች ደርቃ ቀረች። ጓሮ ሆኖ የሰማው አብዱልወዱድም ብሩሹን ጣለ። ልጅቱ ለመጥፋት ቆርጣ ነበር፤ እናቷን እንደ ትምኒት ማድረግ ግን አልሆነላትም። ያጋለጠቻት ይቺው ርኅራኄዋ ናት። "ያ አላህ!" አለ አብዱልወዱድ፤ በነጠላ ጫማ፣ እጁ በቀይ ቀለም እንደተነከረ ሮጠ።

ሚኒባስ መቆሚያው ላይ ደረሰባት። ትንሽ ቦርሳ ታቅፋ ቆማለች፤ ረዳቱ "መናኸሪያ! መናኸሪያ!" እያለ ይጣራል። አብዱልወዱድ መጮኽም መምታትም አማረው፤ ትንፋሹ ግን አልበቃውም።

"ቃላሚኖ በመናኸሪያ በኩል ሆነ እንዴ?"

"አባ፣ በአላህ ተወኝ። እዚህ ቁጭ ብዬ ምን እሆናለሁ? አንተስ ዕድሜህን ሙሉ ልሂድ ልሂድ ስትል አይደል የኖርከው?"

ይቺ ልቡን ወጋችው። እውነቷን ነው።

"እሺ" አለ በመጨረሻ። "አልይዝሽም። ግን ከቤቴ ሰው ሳይሸኝ ወጥቶ አያውቅም። ሸኚ ቤት አያደርስም ይባላል፤ ይሁን፣ እስከ በር ግን ያደርሳል። ነይ፣ እናትሽ ዱዓ ታድርግልሽ። ትምኒትንም እንጥራት፣ ትሳምሽ። ከዚያ በፀሐይ፣ እያየንሽ ውጪ።"

ረምላ "እናቴ እያየችኝማ እግሬ አይነሳም" አለችና ቦርሳዋ ላይ ተደፍታ አለቀሰች። ሚኒባሱ ሞልቶ ሄደ።

ቤት ሲደርሱ ሀፊሳ እዚያው ቆማለች፤ ቤቱ እንዳደረ ነው።

"ጥረጊው እንጂ! የሄደ ሰው የለም" አለ አብዱልወዱድ፣ ሊስቅ እየሞከረ።

"እኔ አልጠርግም" አለች ሀፊሳ። "እግሯ ተመልሷል። ልቧን የምታውቀው እሷ ናት።" መጥረጊያውንም ለልጇ ዘረጋችላት።

ረምላ ተቀበለችና ከመኝታዋ ሥር ጀምራ ጠረገች። ደጃፉ ጋ ስትደርስ ቀና አለች።

"የዛሬውን ጠረግኩ" አለች። የነገውን ማንም አልጠየቃት፤ ማን ይደፍራል!

የሕሉፍ በሮች ሰሌዳቸውን አገኙ። አብዱልወዱድ "አገሬ እገባለሁ" ማለቱን ትቷል። ሀፊሳም ከዚያ ወዲህ መጥረጊያ አትነካም፤ ለረምላ ትታዋለች። ጠዋት ጠዋት ባልና ሚስት ሻያቸውን ይዘው፣ እሱም ጭምር ተቀምጦ፣ ከወዲያኛው ክፍል የመጥረጊያው ድምፅ እስኪሰማ ይጠብቃሉ።