ለኢርፋን የተቀመጠው ሳህን

ካሚላ ከወሎ መጥታ አዲስ አበባ፣ ዶሮ ማነቂያ ስትገባ ልጇ ኢርፋን ገና ጡት አልጣለም ነበር። አባቱ ቀድሞ ሞቷል። እንግዲህ አትክልት ተራ ሽንኩርት እየላጠች፣ ዓይኗ እያለቀሰ አሳደገችው። ልጁ ጎረመሰና በጅቡቲ በኩል ባሕር ተሻግሬ ሳዑዲ እገባለሁ ብሎ ወጣ፤ በዚያው ድምፁ ጠፋ። ጎረቤቱ «እርምሽን አውጪ፣ ሰደቃ አድርጊለት» ሲላት፣ «በቁሙ ልቅበረው?» እያለች ትቆጣለች።

ኋላ ፒያሳ ሕንጻ የሚሠሩ ቻይናዎች ኩሽና ተቀጠረች። ሩዙና አትክልቱ የሷ ነው፤ የአሳማውን ድስት ዞር ብላም አታየው። ምግብ አብሳያቸው ሚስተር ሊ አማርኛ ይሞካክራል።

የአዲስ ዓመታቸው ዋዜማ ቀይ ወረቀት በሩ ላይ ተለጠፈ። ዓሣም ተጠበሰ፤ ለከርሞ በረከት ብለው ሁሉንም አይበሉትም። ሊ ሰው በሌለበት ወንበር ፊት ሳህንና ሁለት የመብያ እንጨት አኖረ።

«ይሄ ደግሞ ለማን ነው?»

«ወንድም። ሩቅ አለ። ዛሬ ቤተሰብ ሁሉ አብሮ ይበላል።»

ካሚላ ልናገር አልናገር ስትል ቆይታ፣ «ለኔስ ልጅ... አንድ ይቀመጥለት?» አለች።

«አስቀምጪ፣ ማማ!»

ሌላ ሳህን አምጥታ ሩዝ ሞላችና እንጨቶቹ እንዳይንከባለሉ መሀሉ ላይ ሰካቻቸው። ሊ ዘሎ ነቀላቸው።

«አይ! አይ! እንዲህ ለሞተ ሰው! ለሞተ ሰው እጣን እንዲህ ይቆማል!»

ጎን ለጎን አጋደማቸው። «ልጅሽ አለ። እንዲህ።»

«እጄን ይቁረጠው! እኛ በእጃችን የምንበላ፣ የስንጥር ሕግ ከየት እናውቃለን?» አለች። ሳቁ፤ የሷ ሳቅ ግን ቶሎ አለቀ።

ወዲያው ዘበኛው «ካሚላ፣ እንግዳ!» ብሎ ተጣራ። በር ላይ ዑዘይር ቆሟል፤ ከኢርፋን ጋር የወጣው የጎረቤት ልጅ። አጥንቱ ብቻ ቀርቷል። ካሚላ ከኋላው ሰው ፈለገች።

«እሱስ?»

ዑዘይር አቀረቀረ። «እትዬ ካሚላ... ጀልባዋ ተገለበጠች። እጁን ይዤው ነበር። ወላሂ ይዤው ነበር። አላህ ሶብሩን ይስጥዎት።»

ካሚላ ወደ ውስጥ ተመለሰች። ቻይናዎቹ ብርጭቆ እያጋጩ ነበር። የኢርፋንን እንጨቶች አነሳችና ሩዙ መሀል ቀጥ አድርጋ ሰካቻቸው።

ሊ ሊነቅል እጁን ዘረጋ። ፊቷን ሲያይ ሰበሰበው።

ሻሿን ወደ ዓይኗ ሳበችና መሬት ላይ ቁጭ አለች። እርሟን ያወጣችው እዚያው፣ ከሳህኑ ሥር ነው።