ዘሩን አትዋጡብኝ

ሰፍያ በቡታጅራ በጎመኗ የታወቀች ሴት ነበረች። ከመስጊዱ ጀርባ ባለው ጓሮዋ የተከለችው ሁሉ ይጸድቅላታል። ጎረቤቷ እትዬ ፀዳለ፣ የመምህሩ ባለቤት፣ አንድ ቀን በጨርቅ የተቋጠረ ዘር ይዘውላት የመጡትም ይህን አይተው ነው።

«አሥመራ ሳለን አንድ ጣሊያን ጎረቤታችን የሰጠን ቲማቲም ነው። አንዱ ፍሬ ሁለት ጭብጥ ያህላል» አሏት።

«እትዬ ፀዳለ፣ ይህማ ዱባ ነው» አለች ሰፍያ፤ ዘሩን ግን ተቀበለች።

ችግኙ ሲደርስ ከእንሰቱ ጥላ አርቃ፣ ፀሐይ የማይለየው ቦታ ላይ ተከለችው። ፍጉ ከእንሰቱ እየተቀነሰ ወደ ቲማቲሙ ሲሄድ ያዩት አማቷ አሚኔ አጉረመረሙ።

«ይህን ቤት ያኖረው እንሰት ነው። ቲማቲም ማንን አጠገበ?»

ሰፍያ ፈገግ ብላ ሥራዋን ቀጠለች። ክረምት ሲገባ ግን ዝናቡ አየለና ቅጠሉ እየጠቆረ ተክሉ ረገፈ። የተረፈው ከጣሪያው ክፈፍ ሥር የተጠለለ አንድ ግንድ ብቻ ነበር። ሰፍያ እንጨት ተክላ በቃጫ አስራ ደገፈችው። ክረምቱ አልፎ ፀሐይ ሲወጣ ፍሬው ያብጥ ጀመር፤ መልኩ አያምርም፤ የተጨማደደ ከረጢት ይመስላል። የመጀመሪያውን ቆርጣ ከቆጮ ጋር ስታቀርብ አሚኔ ቀመሱ፤ አላመጡ።

«ውስጡ ውሃ ሳይሆን ሥጋ ነው» አሉ በመጨረሻ፣ ሳህኑን ወደ ራሳቸው እየሳቡ።

ትልቁን ፍሬ ሰፍያ ለዘር ተወችው። እንዲበስል ግንዱ ላይ እንዳለ አርብ ገበያ ሄዳ ስትመለስ፣ ባሏ ከማሉ ከአዲስ አበባ ነጋዴ እንግዶች ይዞ መጥቷል። ሳሎኑ በሳቅ ተሞልቷል፤ መሐል ላይ ያ ፍሬ ተቆራርጦ ቀርቧል።

«እንዲህ ያለ ቲማቲም ጓሯችን እያለ አትነግሪኝም?» አለ ከማሉ በኩራት።

ሰፍያ ዘንቢሏን ጣለችው። «ዘሩን አትዋጡብኝ።»

የሁሉም አፍ ባለበት ቆመ። ነገሩ ሲገባቸው ከእንግዶቹ በዕድሜ የሚበልጡት ጋሽ ሸምሶ ቁራጫቸውን አንስተው ዘሩን በጥፍራቸው መልቀም ጀመሩ። ሌሎቹም ተከተሉ። የከበሩ ነጋዴዎች ጎንበስ ብለው ዘር ሲለቅሙ አይታ ሰፍያ ሳቋ አመለጣት፤ ከማሉም በሃፍረት ሳህን አቀበላት።

«የዋጥኩትን ይቅር በይኝ፤ ካፈራ ግን አንዱ የኔ ነው» አሏት ጋሽ ሸምሶ።

ዘሩን ውሃ ውስጥ ዘፈዘፈች፤ ልጋጉ ሲለቅ አጥባ በደረቀ ኮባ ላይ አሰጣችው። በሚቀጥለው ዓመት እትዬ ፀዳለ ለጾም ፍትፍታቸው ከሰፍያ ጓሮ ይወስዱ ነበር፤ ጉንችሬ ከተማ የተዳረችው የከማሉ እህትም ከችግኙ ተካፈለች። ገበያ ላይ «የሰፍያ ቲማቲም» ይባል ጀመር። አሚኔም ጠዋት ጠዋት ፍጉን ለቲማቲሙ ራሳቸው እየተሸከሙ ይመጡ ነበር፤ ማን አዘዘዎት ብሎ የሚጠይቃቸው ግን አልነበረም።