የገመቹ ኩላሊት እኔ ጋ ሳለ

ባለፈው ሳምንት ሱቅ ተቀምጬ ሚስማር ስመዝን፣ ከሰበታ እየመጣ ዕቃ የሚገዛኝ አንድ ግንበኛ ከላይ እስከ ታች አየኝና «አንተ ልጅ፣ ድሮ ይሄን በር በጎንህ አልነበር እንዴ የምትገባው?» አለኝ። ሳቅኩ። እሱ ሆዱን በሁለት እጁ አቅፎ «እኔንም ሐኪሙ ቀንስ ብሎኛል» አለ። «ጎረምሶቹ ደግሞ ፕሮቲን ብላ፣ ፕሮቲን ብላ ይሉኛል። ለመቀነስ መብላት! ስንት ነው የሚበላው ግን?»

መዳፌን ዘርግቼ አሳየሁት። «በየማዕዱ ይቺን የምታህል። ጣት ሳይጨመር።»

እሱም የራሱን ዘረጋ። የግንበኛ መዳፍ ነው፤ አካፋ ያህላል። «እንግዲያማ ተገላገልኩ!» አለ። ተሳሳቅን፤ ዕቃውን በባጃጅ ጭኖ ሄደ። እኔ ግን የመዘንኩትን ሚስማር ረስቼ እንደገና ከመጀመሪያው መመዘን ነበረብኝ።

ስለዚህ ነገር ጽፌ አላውቅም። ከየት እንደሚጀመርም እንጃ። ከሱቁ ልጀምር።

ሱቁ የታላቅ ወንድሜ የገመቹ ነበር። ቡራዩ ውስጥ ከዋናው መንገድ ትንሽ ገባ ብሎ ነው፤ ሲሚንቶ፣ ሚስማርና ቆርቆሮ ይሸጥበታል። አባታችን ከሞተ በኋላ ቤታችንን ያቆመው እሱ ነው። እኔ አሥራ ሁለተኛ ክፍል ጨርሼ ውጤቴ የትም አላስገባ ሲለኝ «ና፣ እዚህ ተቀመጥ» አለኝ፤ ተቀመጥኩ። መቀመጥ እንኳ እችልበት ነበር። ጎናችን ዳቦ ቤት አለ። ጠዋት ትኩስ ዳቦ በሻይ፣ ቀትር ላይ እንጀራ፣ ማታ ደግሞ እንጀራ፣ በመሃል ቦንቦሊኖና ለስላሳ። ገመቹ ቀጭንና ረጅም ነበር። እኔ «ወፍራሙ» ነበርኩ። ደንበኞች «ወፍራሙን ጠይቀው» እያሉ ነው ሰው የሚልኩብኝ። ቅር ብሎኝ አያውቅም።

ከዚያ ገመቹ እግሩ ማበጥ ጀመረ። ጠዋት ጠዋት ፊቱ ይነፋል። ሐኪም ቤት ሄደ፤ ኩላሊቶቹ ደክመዋል ተባለ። መጀመሪያ በመድኃኒትና በምግብ ተሞከረ። ሥጋ ቀንስ፣ እንቁላል ቀንስ፣ ምስርና ባቄላ ቀንስ፣ ፕሮቲን ሲበዛ ኩላሊትህን ያደክመዋል አሉት። እናታችን ይህን እንደ ትእዛዝ ያዘችው። ሱሉልታ ያለችው አክስታችን የላከችውን አይብ እንኳ ጎረቤት ነው የበላው። ግን አልሆነም። ክረምቱ ሲወጣ የኩላሊት እጥበት ጀመረ። በሚኒባስ አዲስ አበባ ይወርዳል፣ ደሙ በማሽን ይታጠባል፣ ማታ አመድ መስሎ ይመለሳል። በአንገቱ ላይ የገባውን ቱቦ በፎጣ ይሸፍነዋል።

መፍትሔው ንቅለ ተከላ ነው፣ ኩላሊቱን የሚሰጠውም የሥጋ ዘመድ ነው ተባለ። እናታችን ደም ግፊት አለባት። ሌላ እህት ወንድም የለንም። እኔ ነበርኩ።

ሐኪሟ ሚዛን ላይ አወጣችኝ። ቁጥሩን አየች፣ እኔን አየች። «ደማችሁ ይስማማል። ግን በዚህ ክብደት ቀዶ ጥገና አናደርግልህም፤ ለራስህም አደጋ ነው። መጀመሪያ ቀንስ፤ ከዚያ ሌላውን ምርመራ እንጀምራለን» አለችኝ። ገመቹ አጠገቤ ወንበር ላይ ተቀምጦ ነበር። እኔ ጫማዬን እያሰርኩ ብዙ ቆየሁ።

ወደ ምግብ ባለሙያዋ ላኩን። ሁሉም ሲስተር ነበር የሚላት። «ዳቦውን፣ ዘይቱን፣ ለስላሳውን ቀንስ» አለችኝ። «ፕሮቲኑን ግን አትቀንስ። ያለ ፕሮቲን በጥድፊያ ብትከሳ ስቡ ብቻ አይደለም የሚሄደው፣ ጡንቻህም ይሄዳል። ቁስልህም ቶሎ አይድንም። ሊኖርህ በሚገባው ክብደት አስላና፣ ለእያንዳንዱ ኪሎ አንድ ግራም፣ ከዚያ ትንሽ ከፍ ቢል ነው።»

«ሲስተር፣ እኛ ቤት ወጥ በግራም አይወጣም» አልኳት።

ሳቀችና እጄን ይዛ ዘረጋችው። ያን ጊዜ ነው መዳፌን ያሳየችኝ።

«ብጨምርበትስ? ቶሎ እንዲያልቅ።»

«ብትጨምርበት ቶሎ አያልቅም። ደግሞ የምትሰጠው ኩላሊት ነው፤ ሥራ አታብዛበት። ጂም ቤት የሚሸጡትን ዱቄት ሳትጠይቀኝ እንዳትነካ።» ከዚያ ወደ ገመቹ ዞረች። «ያንተ ደግሞ ከእንግዲህ ተገልብጧል። እጥበቱ ፕሮቲንህን ይወስድብሃል፤ ስለዚህ አሁን ብላ። የእንቁላል ነጩን፣ ዶሮ፣ ትንሽ ሥጋ። ከምስርና ከባቄላው ግን እንደ ድሮው ተጠንቀቅ።»

ወደ ታክሲ ስንሄድ ገመቹ በር እንደሚያንኳኳ ሰው ጎኔን በጣቱ መታ መታ አደረገው። ሲቀልድ «ያ ኦቦሌሳ» ነበር የሚለኝ፣ ወንድሜ ሆይ እንደማለት። «ሰማሃት ያ ኦቦሌሳ? ዕቃዬ አንተ ጋ ነው ያለው። እንዳታበላሽብኝ።»

ቀልድ ነበር። ግን ከዚያን ቀን ጀምሮ ሰውነቴ የራሴ አልመስለኝ አለ። ርቦኝ ስተኛ ለእሱ፣ ሳይርበኝ ስበላ ለእሱ። ዳቦ ቤቱ ጠዋት ሲሸት በሩን እዘጋለሁ፤ በሩ ሲዘጋ ደንበኛ «የሉም» ብሎ ይመለሳል፤ መልሼ እከፍታለሁ። መሮጥ አይቻልም፣ ቀስ ብሎ ነው የሚሄደው ብለውኛል። እሱ ደግሞ በየቀኑ እየጠቆረ ነው። መሃል ላይ የቆምኩት እኔ ነኝ፤ መታጠፊያ የለውም።

ሌላው ችግር ገበታችን ነበር። ወጥ ያለ እንጀራ አይነሳም። የመዳፌን ያህል ምስር ለመብላት የትሪውን ግማሽ እንጀራ መጨረስ አለብኝ። ስለዚህ ማንኪያ ጠየቅኩ። እማዬ ማንኪያውን እንደ ስድብ አየችው።

«ወጥ በማንኪያ? እንጀራዬ ምን በደለህ?»

«ሲስተር ናት ያለችው፣ እማ።»

«ሲስተርህ ጤፍ የምትገዛው ከየት ነው? አትበላም እሷ?»

ገመቹ ሳቀ፤ ሲስቅ ያስለዋል። ከልጅነታችን ጀምሮ ከአንድ ትሪ ነበር የምንበላው። አሁን ሦስት ሳህን ሆንን። የእማዬ በጨው፣ የእሱ ያለ ጨው፣ የእኔ በማንኪያ።

ጠዋት ጠዋት ወደ ገፈርሳ ግድብ እሄድ ነበር። ሲሻለው ገመቹ አብሮኝ በሚኒባስ ይመጣና ግድቡ ፊት ለፊት ድንጋይ ላይ ይቀመጣል፤ እኔ በባሕር ዛፉ መሃል ላብ እስኪያጠምቀኝ እራመዳለሁ። ጥር ነበረ፤ ውርጩ ሣሩ ላይ እንደ ጨው ይታያል። ስመለስ ውሃውን እያየ አገኘዋለሁ። ውሃ በመጠን ነበር የተፈቀደለት፤ የሚጠጣው ሁሉ ሰውነቱ ውስጥ ስለሚቀር። አንድ ቀን «ተመልከት» አለኝ። «ይሄ ሁሉ ውሃ ለአዲስ አበባ መጠጥ። ለእኔ አንድ ሲኒ።» ከዚያ እኔን አየና «አንተ ደግሞ በላብ ታፈሰዋለህ» አለ። ፊቴን ጠረግኩ።

ሁዳዴ ገባ። እማዬ ለገመቹ ከንስሐ አባታችን አስፈቅዳለታለች፤ የታመመ ሰው ነው። እንቁላል መቀቀሉ ግን አቃታት። የከበዳት ጾሙ አልነበረም። «ትናንት አታብዪው አላችሁኝ። ዛሬ አብዪው ትሉኛላችሁ። በገዛ እጄ ልጄን ልጉዳው?» ትላለች። ለሲስተር ደውዬ አገናኘኋት። እማዬ ስልኩን በሁለት እጇ ይዛ ብዙ ሰማች። በማግሥቱ ግን ድስት ውስጥ ሁለት እንቁላል ሲንገጫገጭ ሰማሁ።

ለእኔ አላስፈቀደችም። «አንተ ጤነኛ ነህ። ምስር አለልህ» አለች። እውነቷን ነው። ምስርም ሽምብራም ነበረኝ፤ ሲስተርም ይበቃሃል ብላኛለች። የጎደለው የእኔ አልነበረም። የጎደለው ገመቹ ነበር። እንቁላሉ ይቀርብለታል፣ ይነካዋል፣ ይተወዋል። እኔ መዳፌን እየለካሁ የምከለከለውን ምግብ እሱ ብላ ተብሎ መዋጥ አቃተው።

አንድ ቀን፣ ከእጥበት ማግሥት፣ ዘጠኝ ሰዓት ላይ እማዬ ከቅዳሴ ተመልሳ ሦስታችንም ቀረብን። የእንቁላሉን ነጭ በሳህን አቀረበችለት። ጫፉን ቀመሰና መለሰው።

«ብረት ብረት ይለኛል።»

«ኛዱ፣ የኔ ልጅ» አለችው። ብላ ማለቷ ነው። ስትጨነቅ ኦሮምኛው ይቀድማታል። «ኛዱ ሜ፣ ትንሽ።»

ገመቹ ከእሷ እንጀራ ቆረሰ፣ አንዱን ነጭ በእንጀራው ጠቀለለና ወደ እኔ ዘረጋው።

«እየጾምኩ ነው» አልኩት።

«ለአንተ ማን ሰጠህ? ለኩላሊቴ ነው። እሱ የታመመ ሰው ንብረት ነው፤ ተፈቅዶለታል።»

ጉርሻው አፌ ፊት ቆመ። እማዬ ዓይኗን ከሳህኗ አላነሳችም። ብጎርስ፣ እናቴ ፊት ጾሜን ልገድፍ፣ የእሱንም ምግብ ልቀማው ነው። ባልጎርስ፣ የወንድሜን እጅ መመለሴ ነው። እንዲያ ሆኖ እጅ እስከ መቼ ይቆያል? ሲስተር ያለችኝ ሁሉ፣ ግራሙም መዳፉም፣ ለዚህ አልሠራም።

አፌን ከፈትኩ። ጎረስኩ። ሳላኝክ ነው መሰለኝ የዋጥኩት። ከዚያ ቶሎ ብዬ የቀረውን ነጭ ጠቀለልኩና ወደ እሱ ዘረጋሁ።

አየኝ። ተንኮሌ ገባው። «አንተ ሌባ» አለኝ። እሱም የእኔን እጅ መመለስ አልቻለም። ጎረሰ፤ ዓይኑን ጨፍኖ፣ ቀስ እያለ አላመጠ፣ ዋጠ።

እማዬን ነበር የምንጠብቀው። ነጠላዋን አስተካከለች። ሳታየን «አንድ ጉርሻ ብቻ ይባላል እንዴ?» አለች። ተነሥታ ተጨማሪ እንቁላል ጣደች። ጀርባዋን እንደሰጠችን «ለአባ እኔ እነግራቸዋለሁ» አለች።

ሁዳዴን በሙሉ እንዲያ በላን። እኔ ካላጎረስኩት አይበላም፤ እኔን ካላጎረሰ አይጎርስም። እኔ ምስሬን በዚያው ልክ ቀነስኩ። እሱ ፊቱ ትንሽ ወዝ አወጣ። የእኔ ቀበቶ አዲስ ቀዳዳ ተበጀለት። ነገሩ እየሄደ መሰለን።

ከፋሲካ በኋላ ሚዛን ላይ ወጣሁ። ሐኪሟ ቁጥሩን ሁለት ጊዜ አየችና «ጎበዝ። አሁን ምርመራውን እንጀምር» አለች። ደም ሰጠሁ፣ ራጅ ተነሣሁ፣ ውጤቱ ጊዜ ይወስዳል ተባለ። ገመቹ መንገዱን በሙሉ ለታክሲው ረዳት «ይሄን ልጅ ቀስ አድርገህ አስገባው፣ ዕቃ ይዟል» እያለ ተመለስን።

ግንቦት መጨረሻ ላይ ትኩሳት ያዘው። ቱቦው በገባበት በኩል ኢንፌክሽን ደሙ ውስጥ ገብቷል አሉን። አስተኙት። ሰውነቱ የሚችለውን ያህል ታገለ። ክረምቱ በደንብ ሳይገባ ሞተ። ከዚህ በላይ መጻፍ አልችልም።

ድንኳኑ ፈርሶ፣ ለቀስተኛው አልቆ፣ እማዬ ፍራሽ ላይ ተቀምጣ ሳለ ስልኬ ጮኸ። ከላቦራቶሪው ነበር። የማታውቀኝ ልጅ ናት፤ ድምፅዋ ደስ ይላል። «ውጤቱ ደርሷል፤ ሁሉም ይስማማል። እንኳን ደስ አላችሁ» አለችኝ። እውነቱን ብነግራት ትደነግጣለች ብዬ «እግዚአብሔር ይስጥልኝ» አልኳት። እማዬ «ማን ነው?» አለችኝ። «ደንበኛ ነው» አልኳት።

ዓመታት አልፈዋል። ሱቁን እኔ ይዣለሁ። አልወፈርኩም። እንዳልወፍር ያዘዘኝ የለም፤ እማዬም ብላ፣ ከሳህ እያለች ትለምነኛለች። ግን እንጀራው ሲበዛብኝ የሚጠብቀኝ ሰው ያለ ይመስለኝና እጄን እሰበስባለሁ። እንዲህ ሆኜ ስኖር ደግሞ የተዘጋጀሁት ለማን እንደሆነ አላውቅም። ወደ ድሮው ሰውነቴ ብመለስም ከባድ ነው፣ ባልመለስም።

በቅርቡ ለሌላ ጉዳይ ተመርምሬ ነበር። ሐኪሙ ወረቀቱን አይቶ «ኩላሊቶችህ የሚያስቀና ጤና ላይ ናቸው፤ ሁለቱም» አለኝ። አመሰግናለሁ ብዬ ወጣሁ። ሰው ሲያየኝ የቀነስኩትን ያያል። እኔ ግን ሙሉ ነኝ፤ ከሰውነቴ የወሰደብኝ የለም። ልሸከመው ያልቻልኩትም ያንን ነው።