የፒክአፔ ፓምፕና የባለቤቴ አዎንታ

ባለቤቴ መኪና መንዳት አይችልም። ይህን አስቀድሜ የምናገረው እሱን ለማዋረድ አይደለም፤ ሰው ሁሉ መንዳት አለበት የሚል ሕግ የለም። ጨዋ ሰው ነው፤ ከፋብሪካ ሥራው ቀጥ ብሎ ቤቱ የሚገባ፣ ልጆቹን የሚወድ። ነገር ግን ደብረ ብርሃን ውስጥ የማውቃቸው መካኒኮች ሁሉ የእኔን ፒክአፕ ጉዳይ የሚያወሩት ከእሱ ጋር ነው። እሱ ደግሞ አንድ ቀን እንኳን «እኔ አላውቅም» ብሏቸው አያውቅም።

ፒክአፗ የእኔ ናት። ከአንኮበር በታች ካለው ከአሊዩ አምባ ገበያ ሽንኩርትና ሎሚ ጭኜ ደብረ ብርሃን አመጣለሁ፤ ስወርድ ድንችና ባቄላ እወስዳለሁ። እንጀራዬ እሷ ናት። ሞተሯ ተቃጠለ ማለት እኔም ከገበያው ወጣሁ ማለት ነው። ሌላ የማውቀው ሥራ የለኝም፤ ቢኖረኝም አልፈልገውም። ስለዚህ ባለፈው ዓመት ክረምቱ እንደወጣ ዳገት እምቢ ማለት ስትጀምር እንቅልፍ አጣሁ።

ነገሩ እንዲህ ነው። ከቆላው ስነሳ ደህና አድርጋ ትጎትታለች። አንኮበር እየቀረበ፣ አየሩ እየቀዘቀዘ ሲመጣ ግን ጉልበቷ ይከዳታል፤ ከኋላዋ ጥቁር ጭስ እየለቀቀች በአንደኛ ማርሽ ታቃስታለች። ከገበያ የሚመለሱ አህያ ነጂዎች ጥለውኝ ይሄዳሉ። አንዱማ ዞር ብሎ «እትዬ፣ እንግፋልሽ እንዴ?» አለኝ። ሳቅኩለትና መስኮቱን ዘጋሁ።

ጋራዥ ወሰድኳት። የባለቤቴ የዕረፍት ቀን ስለነበር አብሬሽ ልሂድ አለ። መካኒኩ ከእኔ በዕድሜ የሚያንስ፣ እጁን በጨርቅ እየጠረገ የሚያወራ ሰው ነው። ኮፈኑን ከፈተና አንገቱን አስገባ።

«ቆላው ላይ ደህና ናት፤ ወደ ደጋው ስወጣ ነው የምታጨሰው» አልኩት።

ሰማኝ። ከዚያ ወደ ባለቤቴ ዞረና «ጋሼ፣ ችግሩ የናፍጣ ፓምፑ ነው» አለው።

ባለቤቴ ራሱን በአዎንታ ነቀነቀ። ፓምፑ የትኛው እንደሆነ አሳይ ቢባል ባትሪውን እንደሚያሳይ እርግጠኛ ነኝ።

«ፓምፑ ላይ የናፍጣውን መጠን የምትወስን ብሎን አለች» አለ መካኒኩ። «እሷን ትንሽ ከፈት ብናደርግላት ዳገቱን እንደ ፈረስ ነው የምትወጣው።»

«ከፈት አድርግላት» አለ ባለቤቴ።

«ጭሱስ?» አልኩ።

«ጭስ እኮ ጋሼ፣ የጉልበት ምልክት ነው።»

ጠያቂዋ እኔ፣ መልሱ ለጋሼ!

ብሎኗ ተከፈተች። እዚያው ከተማው አስፋልት ላይ፣ ሜዳ ለሜዳ፣ ባዶዋን ሞከርናት። እውነትም ፈጠነች። ባለቤቴ ከጎኔ ሆኖ ጉልበቱን በመዳፉ እየመታ «አየሽ?» ይለኛል። እኔ በስፖኪዮ ያየሁት ከኋላችን የነበረ ባጃጅ ጭሱ ውስጥ ገብቶ መንገድ ሲጠፋው ነው። በገበያው ቀን ሽንኩርቴን ጭኜ ስመለስ አንኮበር ሳልደርስ የሞተሯ ውሃ ፈላ። ዳገቱ ላይ ቆሜ፣ ኮፈኑን ከፍቼ፣ እንፋሎቱ እስኪበርድ እየጠበቅኩ ባለቤቴ ጋ ደወልኩ። «ቆይ መካኒኩን ላናግረው» አለኝ። እኔን አናግረኝ እንጂ፣ አንተ ሰውዬ! መኪናዋ አጠገብ ያለሁት እኔ ነኝ!

ከዚያ ወዲያ ቤታችን የፓምፕ ሸንጎ ሆነ። የባለቤቴ አጎት ድሮ የጦር ሠራዊት መኪና ሹፌር ነበሩ። እሁድ እሁድ እየመጡ «ይህን አሮጌ ፓምፕ አውልቃችሁ የትልቅ ጭነት መኪና ፓምፕ ግጠሙላት» ይላሉ። የፋብሪካ ጓደኞቹ አየር የሚገፋላት ቱርቦ ይጨመርላት ብለው መልእክት ይልካሉ። ባለቤቴ ከሁሉም ጋር ይስማማል። እኔ ምሳ አቀርባለሁ፣ ሳህን አነሳለሁ፤ መሃል ላይ «ሞተሩስ ይችለዋል?» ብዬ ስጠይቅ አጎቱ «አንቺ አታስቢ ልጄ፣ እኛ እንነጋገርበታለን» ይሉኛል። ታዲያ ማን ያስብላት? ያንን ዳገት በሕይወታቸው ጭነት ይዘውበት የማያውቁት ሰዎች?

መካኒኩ የትልቁን ፓምፕ ሐሳብ ወደደው። ከሌላ መኪና የተፈታ አንድ አግኝቼአለሁ ብሎ ለባለቤቴ ደወለለት፤ ለእኔ አይደለም። ያን ጊዜ ተነስቼ ጋራዡ ድረስ ሄድኩ። «ስማ» አልኩት፣ «ዳገቱ ላይ ጭነት ይዛ እስክታያት ድረስ ማንም ብሎኗን አይነካትም። ካልመጣህ ሌላ እፈልጋለሁ።» መጣ። ባለቤቴም ከፋብሪካው ፈቃድ ጠይቆ መጣ፤ እሱ ከሌለ ማን ራሱን ይነቀንቃል?

አሊዩ አምባ ወርደን ሽንኩርት ጫንን። ሽቅብ ጀመርን። ጋቢናው ውስጥ እኔ መሪውን ይዣለሁ፣ መካኒኩ ካቻቪቴውን ታቅፎ መሃል፣ ባለቤቴ በመስኮቱ በኩል ተቀምጧል።

«እንዴት ነው ጋሼ፣ ትጎትታለች?» አለ መካኒኩ።

«ትጎትታለች» አለ ባለቤቴ።

የነዳጅ መርገጫው ላይ ያለው የእኔ እግር ነው! ወለሉ ድረስ ረግጬዋለሁ፣ መሪው እጄ ላይ ይንቀጠቀጣል፣ ሙቀቱን የሚያሳየው ቀስት ወደ ላይ እየወጣ ነው። ባለቤቴ መስኮቱን ከፍቶ ገደሉን ያያል።

ሰፋ ያለ መጠምዘዣ ስናገኝ አቆምኩ። ባለቤቴ ወርዶ ለኋላ ጎማው ድንጋይ ታኮ አደረገላት። ሞተሩ ሳይጠፋ መካኒኩ ነዳጅ እየሰጠ ሲሞክራት ጭሱ ሦስታችንንም ዋጠን።

«ጋሼ፣ ምን ይሻላል?» አለ እየሳለ። «ልጨምርላት? ወይስ ስንመለስ ያንን ትልቁን ፓምፕ እንግጠምላት?»

ባለቤቴ አፍንጫውን በሻርፑ እንደያዘ «ለጊዜው ጨምርላት» አለ።

ከዚህ በላይ አልቻልኩም። ሞተሩን አጠፋሁ፣ ቁልፉን ነቀልኩ፣ ወርጄ ባለቤቴ መዳፍ ላይ አስቀመጥኩለት።

«ንዳት» አልኩት።

«ምን?»

«ጨምርላት ያልከው አንተ ነህ። አንተው አውጣት።»

መንገዱ ዳር ካለው ድንጋይ ላይ ሄጄ ተቀመጥኩ። መካኒኩ ባለቤቴ እስኪገባ በሩን ከፍቶ ይጠብቃል። ባለቤቴ አልተንቀሳቀሰም። «ጋሼ፣ አይነዱም እንዴ?» አለው፣ ከልቡ ተገርሞ። ለካ እኔ የምነዳው ጋሼ ደክሟቸው ነው ብሎ ኖሯል!

ባለቤቴ ቁልፉን አየው። ፊቱ በጥላሸት ጠቁሯል፤ ተናድጄም ቢሆን አንጀቴን በላው።

«እኔ ምን አውቄ» አለ። «መንዳትም አልችልም። መኪናዋ የእሷ ናት፤ እሷን ጠይቃት።»

ይህችን ነገር ያኔ ጋራዡ ውስጥ ብሏት ቢሆን ስንት ጭስ በተረፈን! መካኒኩ ወደ እኔ መጣ። እጁን መጥረግ ትቷል።

«እትዬ፣ ምን ላድርግ?»

ስናፍቀው የከረምኩት ጥያቄ መጣ። የፓምፕ ውስጡ ምን እንደሚመስል እኔም አላውቅም። የማውቀው የት ቦታ ላይ እንደምትታፈን፣ ናፍጣ ከተጨመረላት ወዲህም እንደባሰባት ብቻ ነው።

«ቀንሰው» አልኩ። «መጀመሪያ ከነበረበትም አሳንሰው።»

«ቀስ እያለች ነው እንግዲህ የምትወጣው።»

«ቀስ ትበል። ጭነቱንም እቀንሳለሁ።»

ልማዱን ትቶ ወደ ባለቤቴ አላየም። ጎንበስ ብሎ ሥራውን ጀመረ። ሲጨርስ ባለቤቴ ቁልፉን መለሰልኝ። ጋቢናው ውስጥ ገባሁ፤ አሁን ሞተሯ ብትቃጠል በማንም አላሳብብም፣ የምጮህበትም ሰው የለኝም። ተሳስቼ ከሆነ ስህተቱ የራሴ ነው። ስህተቱም ቢሆን የራሴ እንዲሆን ይህን ያህል እፈልግ እንደነበር እስከዚያች ደቂቃ አላወቅኩም።

«የጎማውን ድንጋይ አንሳልኝ» አልኩት ባለቤቴን፣ ሞተሩንም አስነሳሁ።