በመዳፌ የደበቅሁት ጨው

ነርሷ ክንዴ ላይ ያሰረችው የደም ግፊት መለኪያ «ፍስስ» ሲል፣ በጃንሆይ ጊዜ ነቀምት ክሊኒክ ውስጥ ከአባባ ጎን የተቀመጥኩ መሰለኝ።

«ደምዎ ከፍ ብሏል፤ ልብዎን እያደከመው ነው። ጨው ይተዉ» አለው አባባን የሚያክመው ድሬሰር።

ልብ እንዴት እንደሚደክም አልገባኝም። እናቴ ግን ጨዉን ደበቀች፤ በቅቤ የታመሰውን የቡና ፍሬ እንኳ ያለ ጨው ሰጠችው። አባባ አንዴ ቀምሶ ገፋው።

«ኢንተላ ኮ፣ ልጄ፣ ቆንጠር አርገሽ አምጪልኝ» ብሎ አንሾካሾከ።

ፈልጌ በመዳፌ ደብቄ አመጣሁለት። እሱ ሲበላ፣ ልቡ እንዳይቆም እየፈራሁ ጆሮዬን ደረቱ ላይ ለጠፍኩ። ክረምቱን አልዘለቀም።

«ከፍ ብሏል፣ እማማ። ጨው ያበዛሉ?» አለች ነርሷ።

አጠገቤ የተቀመጠችው የልጅ ልጄ አቀረቀረች። ትናንት ከእናቷ ተደብቃ ጨው ያቀበለችኝ እሷ ናት።