እርጉዝ ያልሆንኩባቸው ወራት

መጀመሪያ የወር አበባዬ ቀረ። በሁለተኛው ወርም ሳይመጣ ሲቀር ፊቴ አበጠ፣ ሆዴ ገፋ፤ በምንኖርባት በካቺሲ ከተማ ፀሐይ እየሞቅኩ እንኳ ይበርደኝ ጀመር። ሒሳብ እያስተማርኩ ቆሜ እንቅልፍ ይጥለኛል። ካገባሁ ዓመት አልሞላኝምና ሌላ ምክንያት የፈለገ ሰው አልነበረም።

አማቴ አዴ ጫልቱ ማንንም አልጠበቁም። እሑድ ቤተ ክርስቲያን ተነሥተው "ገለታ ዋቃዮ! እግዚአብሔር ይመስገን፣ ልጄ ፀንሳለች" ብለው መሰከሩ። ጉባኤው እልል አለ። እኔ ደግሞ ዓርብ ጤና ጣቢያ ሄጄ የሽንት ምርመራ አድርጌ ነበር። ኔጌቲቭ። ለባሌ ለገመቹ ብነግረው "ገና ስለሆነ ይሆናል" አለኝ።

ከዚያ በኋላ በደስታ ታሰርኩ። ባልዲ እንዳላነሳ ተከለከልኩ፤ ገንፎው በላይ በላዩ ይቀርባል። ሁለተኛውም ምርመራ ያው ነው ስላቸው አማቴ "መሣሪያ ይሳሳታል፤ ጌታ አይሳሳትም" አሉኝ። አምቦ ሄጄ ልታይ ስል ደግሞ "መንገዱ ያናውጥሻል፣ ያስወርድሻል!" ብለው ጮኹ። ወይ ጉድ! የሌለ ጽንስ ጠባቂ ሆኜ ቀረሁ። ድምፄ ጎረነነ። ፀጉሬ ረገፈ። አንድ ቀን ተኝቼ የምቀር መሰለኝ። ፈራሁ። የሚሰማኝ አጣሁ።

በመጨረሻ ገመቹን "ወይ አምቦ ውሰደኝ፣ ወይ እናቴ ቤት እገባለሁ" አልኩት። ለእናቱ ሳይነግር ይዞኝ ሄደ።

ሐኪሟ አልትራሳውንድ አየችና "እርግዝና የለም" አለች። ገመቹ አለቀሰ። እኔ ግን እፎይ አልኩ፤ የሚያምነኝ ሰው ተገኘ። እሷ እዚያ ላይ አላቆመችም። "ታዲያ ለምን ቀረ? እሱን እንፈልግ" ብላ ደም አስመረመረችኝ። ቲኤስኤች የሚሉት የደም ልኬት ከፍ ብሎ ተገኘ። "ሃይፖታይሮይዲዝም ነው። አንገትሽ ላይ ያለው የታይሮይድ ዕጢ በቂ ሆርሞን አያመርትም። የወር አበባ ያስቀራል፣ ያሳብጣል፣ እንቅልፍ ያበዛል። መድኃኒት አለው።"

ሌቮታይሮክሲን ጠዋት ጠዋት በባዶ ሆዴ፣ በውኃ ብቻ መዋጥ ጀመርኩ፤ ቀስ በቀስ ብርዱ ለቀቀኝ፣ እብጠቱ ጎደለ፣ ተማሪዎቼም "ቲቸር ዛሬ ነቅተዋል" እያሉ ያሾፉብኝ ጀመር። አማቴ ግን ልጅ የደበቅኩባቸው ይመስል አኩርፈውኝ ከረሙ። የወር አበባዬ የተመለሰ ቀን ጓዳ ሆኜ ሳለቅስ አገኙኝና ነገርኳቸው። ከዚያ አቅፈውኝ "የልጅ ልጅ ስጠብቅ አንቺን ልቀብርሽ ነበር" አሉኝ።

ያቺን ሐኪም ጌታ ይባርካት። እህቶቼ፣ ምርመራው ኔጌቲቭ ካለ "ታዲያ ምንድነው?" በሉ። ታይሮይድ ሊሆን ይችላል፤ ጭንቀት፣ ከመጠን ያለፈ መክሳት፣ የምትወስዱት መድኃኒት፣ ሌላም ሊሆን ይችላል። በግምት አትቀመጡ።

እኛ እስካሁን ልጅ አልወለድንም። አዴ ጫልቱም ስለ ልጅ አይጠይቁኝም። ጠዋት ገና ከመኝታዬ ስወጣ "መድኃኒትሽን ዋጥሽ?" ነው የሚሉኝ።